የጣልያንን ገንዳ ያሟሹት እትዬ የሻረግ

እትዬ የሻረግ ማረፋቸውን የነገረችኝ ሽንኩርት ሻጭ ናት። ቡሬ ገበያ ቁጢጥ ብዬ ሽንኩርቷን ሳገላብጥባት ጊዜ፣ "ኧረ እማማ፣ ይምረጡ እንጂ አይመርምሩት። እትዬ የሻረግ እንኳ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እንዲህ አያደርቁኝም ነበር" አለችኝ። "ነፍሳቸውን ይማር" የምትለዋ ነገር በጆሮዬ ገብታ ልቤ ጋ እስክትደርስ ሁለት ሽንኩርት ጨምሬ መርጫለሁ። ከዚያ ዘንቢሌን አስቀምጬ እዚያው መሬቱ ላይ ዘጭ አልሁ። ለካስ ከተቀበሩ ሁለት ሳምንት አልፏቸዋል። እኔ መራዊ ሄጄ ልጄ ዘንድ ሰንብቼ ምን ሰምቼ።

ዘጠና ይሁናቸው መቶ፣ ዕድሜያቸውን እሳቸውም አያውቁት። ሰው የጠየቃቸው እንደሆነ፣ "ጋን ያፈሳል አያፈስም ይባላል እንጂ ስንት ዓመቱ ነው ይባላል?" ይሉታል። ቀብራቸው ላይ ሳልቆም ቀረሁ፤ ሙሾም አላወረድሁላቸው። ፊደል የቆጠርሁት ልጆቼን ድሬ ከጨረስሁ በኋላ ነውና እጄ ቀስ ይላል፤ ቢሆንም እሳቸውን እንዲህ ተቀምጦ ማሰቡ ራሱ ደስ ይለኛል።

ጠላ ጠማቂ ነበሩ። ጠላ እንግዲህ ማንም ይጠምቃል። እኔም እጠምቃለሁ፤ የኔን የቀመሰ ሰው ግን ሁለተኛ የሚያስቀዳኝ በይሉኝታ ነው። የእሳቸው ሌላ ነበር። ምሥጢሩን ሲጠየቁ ስለ ጌሾ አያወሩ፣ ስለ ብቅል አያወሩ፤ የሚያወሩት ስለ ጋን እጥበት ነው። ጋኑን በግራዋ ቅጠል ሦስት ጊዜ ያሹታል፣ በወይራ ጭስ ያጥኑታል፣ ከዚያ ጭንቅላታቸውን ከተው ያሸቱታል። አጭር ስለነበሩ ጋን ሲያሸቱ እግራቸው ከመሬት ይነሳል። አንድ ጊዜማ ትከሻቸው ገብቶ ቀረና እኔና ባለቤታቸው አንድ አንድ እግር ይዘን ጎተትናቸው። ፀጉራቸው ተንጨብሮ ወጡና ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "ጭሱ ትንሽ ይቀረዋል።"

ደግሞ ሁሉን ነገር በጣታቸው አንጓ ማንኳኳት ይወዱ ነበር። ጋን ያንኳኳሉ፣ ምሰሶ ያንኳኳሉ፣ የላም ሆድ ያንኳኳሉ፤ አንኳኩተው ጆሯቸውን ይደቅናሉ። እኔ ለጎረቤታቸው ልጅ ተድሬ የመጣሁ ዕለት፣ ሰው ሁሉ እልል እያለ ሳለ፣ ቀረብ ብለው ግንባሬን ቆ ቆ አደረጉት። "ደህና ናት፣ አልተሰነጠቀችም" ብለው ለአማቴ ነገሩልኝ። አማቴ ከዚያ ወዲህ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም።

ያኔ ፍኖተ ሰላም ገና ወጀት ነበር የምትባል። ጣልያን ቡሬ ገብቶ ከሰፈራችን በላይ ያለውን ጉብታ ይዞ ምሽግ ሠራ። አዛዡን ማጆሬ ይሉታል፤ እኛም ስሙ እሱ ይመስለን ነበር፤ ለካስ ማዕረጉ ኖሯል። ቀይ፣ ወፈር ያለ፣ ላብ የማይለየው ሰው ነው። አርበኛው ዱሩን ይዞበት ከምሽጉ ርቆ መሄድ አልሆንልህ አለው። ወንዝ ወርዶ መዋኘት ሲያምረው ጊዜ ውሃውን ወደ ራሱ አስመጣ። ከጉብታው ወገብ የሚፈልቀውን የሰፈራችንን ምንጭ በቦይ ጠለፈና ሃያ እርምጃ በሚሆን የሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ከተተው። ሃያ እርምጃ የምለው ራሴ ተራምጄው ነው።

ውሃው ላይ ክሎሮ የሚሉትን ነጭ ዱቄት ይነሰንሱበታል። በቆርቆሮ በርሜል፣ በካሚዮን ነው የሚመጣ። ዓይን ይለበልባል፣ አፍንጫ ይወጋል። ምን ይሠራል ብለን የጠየቅናቸው ሐጂ ኑርዬን ነው። ሐጂ የቡሬ ነጋዴ ነበሩ፤ ለጨው ንግድ እስከ ምጽዋ እየዘለቁ ጣልያንኛ ለምደው ኖሮ፣ ማጆሬው ይኸን ሲሰማ በግድ አስተርጓሚ አደረጋቸው።

"በዓይን የማይታይ ትል አለ፤ እሱን ይገድላል" አሉን ሐጂ።

እትዬ የሻረግ አሰብ አደረጉና፣ "የማይታየውን ገድሎ የሚታየውን ማጆሬ ምነው ዝም አለው?" አሉ።

"ይኸን አልተረጉምም" አሉ ሐጂ።

ቀልዱ ቀልድ ነው፤ ምንጩ ከሄደብን በኋላ ግን እኛ ሴቶች ወንዝ ወራጅ ሆንን። በጋውን ይሁን። ክረምት ሲገባ ወንዙ ያገሩን ጉድፍ ሁሉ ጠርጎ፣ ደፍርሶ፣ ቀይ ሆኖ ነው የሚወርደው። ገንዳው በተሠራ በመጀመሪያው ክረምት ከሰፈራችን ሁለት ሕፃናት በተቅማጥ ቀበርን። አንዷ የኔ ነበረች። ስለሷ እዚህ አልጽፍም፤ ይኸ የእትዬ የሻረግ ነው።

ሰኔ በባተ በሳምንቱ ሐጂ ኑርዬ በበቅሏቸው መጡና ሴቱን ሰበሰቡ። ማጆሬው ገንዳውን ለክረምቱ ሊዘጋው ነው፤ ብርዱም ዝናቡም ለዋና አይሆነው። ታዲያ ገንዳ መዝጋት ዝም ብሎ በር እንደ መዝጋት አይደለም አሉን። መጀመሪያ ያረጀው ውሃ ተጨልፎ ይወጣል፣ አረንጓዴው ልጋግ ከግድግዳው ይፋቃል፣ እንደገና ንጹሕ ውሃ ይሞላል፣ ዱቄቱ ይጨመራል፣ ከላይ ሸራ ይለብሳል። ባዶውን ከተተወ ክረምት ከምድር ሥር የሚገፋው ውሃ ሲሚንቶውን አንስቶ ይሰነጥቀዋል። እስከዚህ ድረስ ደህና። ክፋቱ፣ ገንዳው ያፈሳል። በቀን አንድ ክንድ ይጎድላል። ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ ምንጩ እየገባለት መቆየት አለበት።

"አሁንም ወንዙን ልንጠጣ ነው?" አለች አንዷ።

ሐጂ የበቅሏቸውን ጆሮ ማከክ ያዙ።

በማግሥቱ ባልዲና ቅል ይዘን ወጣን። ውሃው ጉልበት ድረስ ሲቀር እትዬ የሻረግ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ገንዳው ውስጥ ወረዱ። እኛ ስንጨልፍ እሳቸው ግድግዳ ግድግዳውን ያንኳኳሉ። ቆ ቆ፣ ጆሮ። ቆ ቆ፣ ጆሮ። ማጆሬው ወንበር አስወጥቶ ተቀምጦ ያያል፤ ሐጂ አጠገቡ ቆመዋል። በቁልቁለቱ በኩል ካለችው ማዕዘን ሲደርሱ ቆሙና ሁለት ጊዜ ደገሟት።

"ሐጂ" አሉ ከታች ሆነው፣ "ለጌታዎ ይንገሩልኝ። ይኸ ነገር ሳይሟሽ ነው ውሃ የተጨመረበት።"

ሐጂ ጢማቸውን ዳሰሱ። "እትዬ የሻረግ፣ ማሟሸትን በጣልያንኛ ምን ብዬ ልበለው?"

"እኔ በምን አውቄ። አዲስ ጋን ሳይሟሽ አይጠመቅበትም። ከተጠመቀበት ያፈሳል፣ ይሸታል። ይኸም ያው ጋን ነው፤ አፉ ሰፋ እንጂ።"

ሐጂ ረጅም ነገር ተናገሩ። ማጆሬው ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ አጠገቡ ያለው ካፖራል የሚሉት አሥር አለቃም፣ መላጣ ሽማግሌ ነው፣ አብሮ ሳቀ።

"ማጆሬው ለሙያዎ ትልቅ አክብሮት አለኝ ይላሉ" አሉ ሐጂ።

"ሲስቅ አየሁት እኮ።"

"በአክብሮት ነው የሳቁ።"

ሐጂ እንዲህ ነበሩ። ከላይ የሚወርደውን ስድብ አለስልሰው ያወርዱታል፤ ከታች የሚወጣውንም አጣፍጠው ያወጡታል። እሳቸው ባይኖሩ ኖሮ እኛና ማጆሬው በሁለት ቀን እንጨራረስ ነበር።

እትዬ የሻረግ እጃቸውን በወገባቸው አደረጉ። "እንግዲያው ይኸን ይንገሩልኝ። እኔ ላሟሸው። ከተሞላ በኋላ ምንጩ ይመለስና ስምንት ቀን ተዘግቶ ይቆይ። ካላፈሰሰ ምንጫችን ክረምቱን ወደ እኛ ይውረድ።"

ማጆሬው ሳቁን አቆመ። ይኼኛውን ሐጂ ሳያለሰልሱ ነው የመለሱልን፤ "ስምንት ቀን እሽ ብለዋል። ካፈሰሰ ግን፣ ክረምቱን ሙሉ የጎደለውን እናንተ ሴቶቹ ከወንዝ በእንስራ ትሞላላችሁ።"

ከወንዙ እስከ ጉብታው ያለውን ዳገት ያላየ ሰው ይኸ ምን ማለት እንደሆነ አይገባውም። በበጋ ባዶ እጁን የወጣው እንኳ መሐል ላይ ተቀምጦ ነው የሚቀጥለው።

"እሽ" አሉ እትዬ የሻረግ። ማንንም አላማከሩ።

ወደ ቤት ስንወርድ ወርቄ ፈነዳች። ወርቄ እንዲሁ ጠላ ሻጭ ናት፤ የእትዬ የሻረግ ተፎካካሪ። ጠላዋ ክፉ አልነበረም፤ ችግሩ የእትዬ የሻረግ ቤት ከሷ ቤት በፊት መሆኑ ነው፣ ሰው እዚያው ይቀራል።

"በኛ ጀርባ ነው እሽ ያሉት?"

"በናንተ ጀርባ ነው። የኔማ አርጅቷል፤ በኔ ጀርባ ብወራረድ ማን ይቀበለኛል።"

"ባሎቻችን ዱር ናቸው፤ እርስዎ የጣልያን ገንዳ ያጥቡ።"

እትዬ የሻረግ መንገዱ ላይ ቆሙ። "ገንዳው የጣልያን ነው። ውሃውስ የማን ነው?"

በማግሥቱ ወርቄ ከሁላችን ቀድማ አንድ ሸክም ግራዋ ይዛ መጣች። ግራዋውን እትዬ የሻረግ ፊት ዘርግፋ፣ "ለርስዎ አይደለም" አለች።

"አውቃለሁ" አሉ እትዬ የሻረግ። "ለኔ ቢሆን እሬት ታመጭልኝ ነበር።"

እዚህ ላይ የነጠላውን ነገር ሳልጽፍ አላልፍም። ስንጨልፈው የነበረው ዱቄታም ውሃ የነካው ጨርቅ ሁሉ እንደ ወተት ነጣ። ይኸን ያየች ሴት ሁሉ ነጠላዋን ቤት ሄዳ አምጥታ ነከረች። ለሰኔ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ቅጽሩ በራ፤ ቄሱ ራሳቸው ዘወር ብለው አዩን። ለሐምሌ ሥላሴ ግን የሁላችንም ነጠላ ወንፊት ሆነ። በጣት ሲነኩት ይፈርሳል። ያልነከሩት እትዬ የሻረግ ብቻ ነበሩ። "ያለ ልፋት የነጣ ነገር አላምንም" ብለውን ነበር፤ የሰማቸው የለም።

የማሟሸቱ ሥራ አንድ ሳምንት ፈጀ። ግድግዳውን በግራዋ ሦስት ጊዜ አሸነው፤ መራራው አፋችን ድረስ መጥቶ ምግብ አልበላ አለን። ያችን የምታፈስ ማዕዘን እትዬ የሻረግ ራሳቸው ያዟት። የኩይሳ አፈር ከጤፍ ጭድ ጋር አስረግጠው አቦኩ፤ ስንጥቁን በዚያ ጠቀጠቁት፤ ሲደርቅ ሰም አቅልጠው አፈሰሱበት። ከዚያ ተልባ መጣ። ከየቤቱ ያለው ተልባ ሁሉ ተሰበሰበና በበርሜል ተቀቀለ። ልጋጉን በባልዲ እያወረድን ወለሉንም ግድግዳውንም ቀባነው። ልጋጉ በጥቃቅኑ ቀዳዳ ገብቶ ይደፍናል፤ ጋን ላይ እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ጋን ላይ ግን ማንም አይራመድበትም።

ማጆሬው ልጋጉን በቀባንበት ዕለት ከሰዓት በኋላ መጣ። ነጭ ሱሪ ለብሷል። ጫማው ያበራል። ገንዳው በአንድ በኩል ዝቅ እያለ የሚሄድ ነው፤ እሱ ከፍ ካለው በኩል ቆሞ አየና፣ ሥራው ምን እንደደረሰ ሊመረምር ወደ ውስጥ ተራመደ።

"ሐጂ፣ ተው ይበሉት" አሉ እትዬ የሻረግ።

ሐጂ አፋቸውን ሲከፍቱ ማጆሬው ሄዷል። አንድ እግሩ ቀደመ፣ ሁለተኛው ተከተለ፣ ከዚያ በቂጡ ተቀመጠና ሃያውን እርምጃ ያለ አንድ እርምጃ ጨረሰው። እጁን ወደ ላይ አንስቶ ነው የሄደ፣ እንደሚባርክ ሰው። ጥግ ያለው የልጋግ ኩሬ ውስጥ ገብቶ ቆመ።

ወታደሮቹ ወደ ሰማይ አዩ። እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰጎስሁ። ሲስቁ ያያቸውን ሁሉ ይገርፋል ይባል ነበር፤ ደግሞም ይገርፋል። ማጆሬው ሊነሳ ሞከረ፤ ተንሸራቶ ተቀመጠ። እንደገና ሞከረ፤ ተቀመጠ።

እትዬ የሻረግ ከጥጉ ሆነው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዩት ነበር። ከዚያ በረጋ ድምፅ፣ "ሐጂ፣ እግዜር ይስጥልን ይበሉልኝ። እኔ ልጋጉ ሁሉ ቦታ በእኩል ደርሶ እንደሆነ እንዴት አድርጌ አረጋግጥ እያልሁ ስጨነቅ ነበር። ጌታው ራሳቸው ከላይ እስከ ታች ፈተሹልኝ" አሉ።

ሐጂ ኑርዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ተረጎሙት። ምን ብለው እንዳጣፈጡት አላህ ይወቅ። ማጆሬው ለአፍታ እትዬ የሻረግ ላይ አፈጠጠ፤ ከዚያ ከሆዱ ሥር የሆነ ነገር ተነሳና ፊቱ ሁሉ ተንቀጠቀጠ፤ እዚያው ልጋጉ ውስጥ ተቀምጦ ሳቀ። እኛም ያን ጊዜ ሳቃችንን ለቀቅነው። በገመድ ጎትተን አወጣነው፤ ወርቄ ጫፉን ይዛ፣ "ሳብ በይ፣ ይኸም ጋን ውስጥ ቀርቷል" ትለኛለች።

የጭሱ ቀን ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ገንዳው ባዶውን ሸራ ለብሶ፣ ከሥሩ በአምስት ቦታ ወይራ ጨሰ። ጭሱ በሸራው ጠርዝ እየሾለከ ጉብታውን ሸፈነው። ምሽጉ ላይ ያለው ዘበኛ አርበኛ ሰፈሩን አቃጠለው ብሎ መለከት ነፋ፤ ወታደሩ ጠመንጃ ይዞ ወደ ገንዳው ሮጠ። መጥቶ የሚያገኘው እትዬ የሻረግን ነው፤ ጭንቅላታቸውን ከሸራው ሥር ከተው፣ እግራቸው ከመሬት ተነስቶ።

"ምን ያደርጋሉ?" አለ ካፖራሉ በሐጂ አፍ።

"ጭሱ ትንሽ ይቀረዋል" አሉ ከውስጥ።

ከዚያ ምንጩ ተለቀቀና በሦስት ቀን ሞላ። ካፖራሉ ነጭ ዱቄቱን በስፍር ነሰነሰ፤ በረጅም እንጨት አማሰለ፤ እትዬ የሻረግ አማሰሉን አይተው፣ "እንደሱ አይደለም፣ ከሥር" ብለው እንጨቱን ተቀበሉት። ውሃው የደረሰበት ቦታ በከሰል ተሰመረ። ሸራው ተዘረጋ፣ ዳር ዳሩ ድንጋይ ተጫነበት። ምንጩን ወደ ፈረሶቻቸው ማጠጫ መለሱት። ስምንቱ ቀን ተቆጠረ።

ስምንቱንም ቀን እትዬ የሻረግ እንዝርትና ጥጥ ይዘው ገንዳው ዳር ዋሉ። ካፖራሉ በየቀኑ ሊያይ ይመጣል። ልኬት ወሳጅ ነው፤ ወረቀቱ ላይ በየቀኑ ይታይ ይላል። እሳቸው ደግሞ የተሟሸ ጋን በስምንት ቀኑ ነው አፉ የሚከፈት ባይ ናቸው። በሁለተኛው ቀን የሸራውን ጫፍ ገለጥ ሲያደርግ በእንዝርቱ ጣቱን መቱት። በሦስተኛው ቀን ከሩቅ ሆኖ፣ አንገቱን ብቻ አስግጎ አየ። በአራተኛው ቀን ዳቦ ይዞላቸው መጣ፤ ዳቦውን ተቀበሉ፣ ሸራውን አላስነሱም።

እኔ ምሳ አደርስላቸው ነበር። በአምስተኛው ቀን ብቻቸውን አገኘኋቸውና፣ "እትዬ፣ እውነት ይይዛል?" አልኋቸው።

እንዝርቱን አቆሙ። "አንች ልጅ፣ እኔ ያሟሸሁት ትልቁ ጋን አምስት እንስራ ነው የሚይዝ። ይኸ ስንት እንደሚይዝ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"እኔም አላውቅም።" ጥጡን ከጭናቸው አነሱና መልሰው አስቀመጡት። "ጋን በጠጠር ይደገፋል ይባላል። ጠጠሩን አድርጌያለሁ። ሌላውን እንጃ።" በስንት ሴት ጀርባ ላይ እሽ እንዳሉ እየቆጠሩ እንደሚያድሩ ገባኝ።

በስድስተኛው ቀን ዝናቡ መጣ። የዚያን ዓመት ክረምት መግቢያ፣ በረዶ የተቀላቀለበት ዶፍ ነው የወረደው። ሸራው ረግቦ እንደ ላም ሆድ ወደ ገንዳው ገባ፤ ውሃ እየተንጠባጠበ በስፌቱ አለፈ። እኛ ደስ አለን፤ የጎደለ ቢኖር ተሞላ ብለን። እትዬ የሻረግ ግን በስብሰው፣ ፀጉራቸው ግንባራቸው ላይ ተለጥፎ፣ ሰማዩን ይቆጡት ነበር። "ሁለት ቀን አትታገስም ነበር? አሁን ደህና ሥራ ብሠራም የሚያምነኝ የለ።"

ስምንተኛው ቀን መጣ። ማጆሬው መጣ፣ ሐጂ መጡ፣ ሴቱ ሁሉ መጣ። ካፖራሉ ሸራውን ገለጠው። ውሃው ከከሰሉ ምልክት በላይ አራት ጣት ቆሟል።

ማጆሬው ጣቱን ወደ ሰማይ ቀሰረ። መተርጎም አላስፈለገውም፤ ዝናቡ ነው ማለቱ ነው። ወርቄ እጄን ጨብጣ ያዘችኝ።

እትዬ የሻረግ አልተንቀሳቀሱም። "ሐጂ፣ ይጠይቁልኝ። ቀድሞ በቀን ስንት ይጎድል ነበር?"

ካፖራሉ ወረቀቱን አይቶ ክንዱን አሳየ።

"በስምንት ቀን ስምንት ክንድ ነው። ገንዳው ራሱ ስምንት ክንድ አይጠልቅም። ይኸ ውሃ በስድስተኛው ቀን ከዘነበው የተጠራቀመ ከሆነ፣ ያ ዝናብ ዝናብ ሳይሆን የኖኅ ነው፤ ጌታውም እኔም እዚህ አንቆምም ነበር። ቀዳዳ ጋን ዘንቦበት ሲሞላ ያየ ካለ ይንገረኝ።"

ሐጂ ተረጎሙ። ካፖራሉ ወረቀቱ ላይ እርሳሱን ይዞ ቆየ፤ አንድ ነገር ደመረ፣ ቀነሰ፣ ከዚያ ለማጆሬው ራሱን ነቀነቀለት። ሰውዬው እንግዲህ የእንዝርቱን ምት አልረሳም፣ እውነቱን ግን አልካደም። ማጆሬው ውሃውን አየ፣ እትዬ የሻረግን አየ፣ ሱሪውንም አየ መሰለኝ። የተናገረው አጭር ነበር።

ሐጂም አላሳመሩትም። "ውሃችሁን ውሰዱ ብለዋል።"

እልል አላልንም። ሮጥን እንጂ። እንስራችንን ይዘን ከጉብታው ሥር፣ ምንጩ ድሮ ይወርድባት በነበረችው ድንጋይ ዙሪያ ተኮለኮልን። ከላይ ቦዩን ሲሰብሩት ሰማን። ትንሽ ቆይቶ ውሃው መጣ፤ መጀመሪያ ቅጠልና አሸዋ እየገፋ፣ ከዚያ ጠርቶ። ከዚያ ደግሞ ሽታው መጣ። ነጩ ዱቄት ነው። ካፖራሉ ዱቄቱን ቦዩ አፍ ላይም ሲያፈስ ስለከረመ ድንጋዩ ሁሉ ጠጥቶታል።

ያ ሁሉ ሴት እንስራውን ይዞ ደረቀ። ነጠላችን ቀድሞ በጣታችን ሥር መፍረስ ጀምሯል፤ ጨርቅን እንዲህ ያደረገ ሆድን ምን ያደርግ?

"እንዲፈስ እንተወው፣ ይታጠባል" አሉ እትዬ የሻረግ። ፀሐይ አናት ላይ እስክትደርስ ተውነው። ሽታው ቀነሰ፤ አልጠፋም። ያን ጊዜ ቅላቸውን አንስተው ሞሉና፣ ማንም ሳይከለክላቸው፣ እስከ አተላው ጠጡት። አፋቸውን ጠረጉ። ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።

"እንግዲህ እንጠብቅ" አሉ። "ከሞትሁ ወደ ወንዙ ትሄዳላችሁ። ካልሞትሁ ትቀዳላችሁ።"

"እትዬ፣ ምን ሆነው ነው" አለች ወርቄ፤ ድምጿ ተሰበረ።

"አታልቅሽ፣ ገና ነው። ይልቅ ኑዛዜዬን ስሙ። ትልቁ ጋኔ ለዚች ልጅ፤ ጠላዋ አይጠጣም፣ ጋኑ ያስተምራት ይሆናል። ሁለተኛው ለጽዋ ማኅበራችን። ሦስተኛው ለወርቄ።"

"ሦስተኛው ያፈሳል እኮ፣ እትዬ" አለች ወርቄ እያለቀሰች።

"ለዚያ ነው የሰጠሁሽ።"

ወርቄ በለቅሶዋ መሐል ሳቀች፤ አፍንጫዋ ፈሰሰ። እትዬ የሻረግ ሁለተኛ ቅል ጠጡ። ሦስተኛ ጠጡ። ከዚያ ድንጋዩን ተደገፉ፤ ዓይናቸው ተከደነ። እኛ ደረታቸውን እናያለን። የስንት ሌሊት እንቅልፍ አለባቸው፤ አፋቸው ተከፈተና አንኮራፉ። እንደዚያ ቀን ማንኮራፋት ደስ ያለኝ ዘፈን የለም።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ነቁ። ዙሪያቸውን አይተው፣ እንስራው ሁሉ ባዶ መሆኑን አዩ።

"ምነው፣ አልሞትሁም እኮ።"

ማንም አልተነሳም። አሮጊት ሆድ ሌላ ነው፣ የልጅ ሆድ ሌላ ነው፤ ሁሉም ያሰበው ያንኑ ነው። እሳቸውም ገባቸው መሰለኝ፤ አልተቆጡም፣ አልቀለዱም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጠበቁ።

እኔ የወንዙን ውሃ አውቀዋለሁ። ተነስቼ እንስራዬን ከሚወርደው ሥር ደቀንሁት። እስኪሞላ ቆምሁ። ከዚያ በመዳፌ ጨለፍ አድርጌ ጠጣሁ።

"ምን ይላል?" አሉኝ እትዬ የሻረግ።

ዱቄቱ ላይ ላዩን ነበረ። ከሥሩ ግን ያ ቀዝቃዛው፣ ድንጋይ ድንጋይ የሚለው ነበረ፤ ሙሽራ ሆኜ መጥቼ መጀመሪያ የጠጣሁት።

"ምንጫችን ነው፣ እትዬ" አልሁ።

"እንግዲያ ምን ያስቆማችኋል" አሉ ወደ ሌሎቹ ዘወር ብለው፤ እንስራው ሁሉ ባንዴ ተንቀሳቀሰ።